ከኩሬ ናፍጣ ላወጣ የተነሣሁ ሰሞን

ከሁሉ አስቀድሜ ልናዘዝ፦ ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የምላሴ ነው። እጄማ ምን በወጣው፤ ምላሴ ቃል የገባውን ሊፈጽም ሲባትል ነው የከረመው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ ኮልፌ ነው። ያኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። የሰፈራችን ወፍጮ የሚሠራው በናፍጣ ነው። መስቀል ባለፈ ሳምንት ናፍጣው አለቀና ወፍጮው ቆመ። ያ ከጠዋት እስከ ማታ ቱግ ቱግ ሲል የሚውለው ሞተር ዝም ሲል፣ ለካ እሱ ነበር የሰውን ሐሜት ሸፍኖ የኖረው፤ ወሬው ሁሉ ከአጥር አጥር ጥርት ብሎ መሰማት ጀመረ። በዚያ ሳምንት ብቻ ሦስት ጎረቤታሞች ተኳርፈዋል። የባሰው ግን የእህሉ ነገር ነው። በየቤቱ ጤፍ አለ፣ ዱቄት የለም። በመብራት የሚሠራው ወፍጮ ያለው ሳንሱሲ ነው፤ እዚያ ድረስ ጆንያ ተሸክሞ ለመሄድ ደግሞ ወይ አህያ መሆን ወይ አህያ መያዝ ያስፈልጋል።

አንድ እሁድ ጠዋት ባለቤቴ አልማዝ "እስቲ ሄደህ ጠይቅ፣ ናፍጣ መጥቶ ይሆናል" ብላ ላከችኝ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እንደ እኔው የተላከ ሰው ሞልቷል። የወፍጮው ሠራተኛ ጋሽ ቶሎሳ በጨርቅ ሞተሩን ይወለውላሉ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረውት ሠርተዋል፤ የሚያዩት እንደታመመ ዘመድ ነው።

"መቼ ይመጣል ጋሽ ቶሎሳ?" አልኳቸው።

"ሲመጣ" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ተከዘ። እዚህ ላይ ነው ምላሴ የተነሣው።

"ናፍጣኮ" አልኩ፣ ድምፄን የክፍል ውስጥ ድምፅ አድርጌ፣ "ከኩሬ ይወጣል።"

ዞር ብለው አዩኝ። መቼም አስተማሪ ሰው ዞር ብሎ ካየው ማቆሚያ የለውም። ከጥቂት ቀናት በፊት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ የቆየ የውጭ አገር መጽሔት አንብቤ ነበር። ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ አልጌ የሚሉት፣ በሰውነቱ ውስጥ ዘይት ያጠራቅማል ይላል። አልጌውን አጥልሎ ማድረቅ፤ ዘይቱን በቤንዚን ማውጣት፤ ከዚያ ዘይቱን ከአልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ማዋሐድ ነው፤ የናፍጣ ሞተር የሚያስነሣ ነዳጅ ይሆናል። ከምን ያህል አልጌ ምን ያህል ዘይት እንደሚገኝ የሚናገረው ገጽ ግን አልነበረም፤ አንድ ሰው ቀዶ ወስዶታል። እኔም የጎደለውን ገጽ በራሴ ግምት ሞላሁት። ግምቴ ለጋስ ነበር።

"ከእኛ ቤት ጀርባ ካለው ጉድጓድ ብቻ" አልኩ፣ "ይሄን ሞተር እስከ ገና የሚያስኬድ ይወጣል።"

ጋሽ ቶሎሳ ጨርቃቸውን አስቀመጡ። "እውነትህን ነው መምህር?"

እንደሳቸው ያለ ሰው እንደዚያ እያየኝ "እንጃ" ለማለት አቅም አጣሁ። "እውነቴን ነው" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ባዩ ደጃፌ ቆመዋል። ጓድ ባዩ ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው አንዱ ጆሯቸው በደንብ አለመስማቱ፣ ሌላው ደግሞ ለሪፖርት ብቻ መሥራቱ ነው።

"ከአልጋ ናፍጣ ታወጣለህ አሉ።"

"ከአልጌ ነው ጓድ ባዩ።"

"እኔስ ምን አልኩ? ከአልጋ። የብረት ነው የእንጨት?"

ጉድጓዱ ድረስ ወስጄ አረንጓዴውን ውሃ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። በማግሥቱ የመጣው ደብዳቤ ግን "ጓድ መምህር ከአልጋ ናፍጣ ለሚያወጡበት አብዮታዊ የፈጠራ ሥራ አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግላቸው" ይላል። ክብ ማኅተም አርፎበታል። ማኅተም ካረፈበት በኋላ "ጋ"ን "ጌ" የሚያደርግ ሰው በዚያ ዘመን አልተፈጠረም። ጭራሽ ግልባጩ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄዷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ውጤቱን አቀርባለሁ ተብሏል።

በዚያ ሳምንት ሁለት ሰዎች የተሰባበረ አልጋ አምጥተው በራችን ላይ ጥለው ሄዱ። አንደኛው አልጋ እግሩ ሦስት ነው። አልማዝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

"ከዚህኛው የሚወጣው ናፍጣ ሩቡ ይጎድላል" አለች።

እንግዲህ ወደ ሥራ። ጉድጓዱ ድሮ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ ካባ ነው፤ ክረምቱ ውሃ ሞልቶት፣ የመስከረም ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ነገር ለብሷል። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ገባሁ። ማጥለያ ያስፈልጋልና ቤት ውስጥ ካለው ጨርቅ ሁሉ ስስ የሆነውን መርጬ ነበር የወጣሁት። በሦስተኛው ቀን አልማዝ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ማጥለያውን አየችው።

"ይሄ የእኔ ነጠላ ነው?"

"ለጊዜው ነው።"

"የቱ ነው ለጊዜው? ነጠላው ወይስ እኔ?"

ያን ዕለት ምሳዬን ጉድጓዱ ዳር አስቀምጣ ሄደች፤ ጨው አልነበረበትም። ረስታው ይሆናል ብዬ ላስብ ሞከርኩ።

መንገደኛው ደግሞ እንዲሁ አያልፈኝም። ውሃ ውስጥ ቆሞ በነጠላ የሚቀዳ ሰው ሲያይ ቆም ይላል። "ወንድሜ ምን ጠፋብህ?" ይለኛል። "ናፍጣ" እላለሁ። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ያልፋል።

ስድስት ቀን ሙሉ ቀድቼ፣ አጥልዬ፣ ጨምቄ ያወጣሁትን ግቢያችን ውስጥ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ሽታው አይነገርም፤ ግን ሲደርቅ ማየት ያስደስታል። እየሳሳ፣ እየተሰነጣጠቀ ሄደ። ጋሽ ቶሎሳ በየቀኑ እየመጡ በጣታቸው ይነኩታል፤ ያሸቱታል፤ ይሄዳሉ።

በስብሰባው ዋዜማ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ዶሮዎች ቆርቆሮው ላይ ወጥተው ይለቅማሉ። የእትዬ የሻረግ ዶሮዎች ናቸው። ከግማሽ በላይ በልተውታል። የደረቀውን ነው እንጂ እርጥቡን አልነኩም፤ ዶሮም ምርጫ አላት።

እትዬ የሻረግ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከደብረ ብርሃን በኩል የመጡ፣ በአረቄ አወጣጣቸው እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ የታወቁ ሴት ናቸው። ጩኸቴን ሰምተው በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ።

"ምን አደረጉህ ልጄ?"

"የሰፈሩን ናፍጣ በሉት እትዬ!"

ዶሮዎቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። "ታዲያ ሞተር ይነሣላቸዋል እንዴ?" አሉና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወዲያው ግን አዘኑልኝ። "በል ምን ልካስህ? ንገረኝ።"

ለካ ዕድሌ ሲቃና ነው! አልኮል ያስፈልገኛል። ትምህርት ቤት ያለው አንዲት ትንኝ ለመዘፍዘፍ እንኳ አይበቃም።

"ዳግም አረቄ" አልኳቸው፤ "አንድ ጠርሙስ። ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ለሳይንስ ነው።"

"ሰው ሁሉ ለብርዴ ነው፣ ለሆዴ ነው፣ ለሐዘኔ ነው እያለ ነው የሚጠጣው" አሉ እትዬ የሻረግ። "ለሳይንስ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።" ጠርሙሱን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ።

ሁለት ሊትር ቤንዚኑን ጓድ ባዩ ከገዛ ሞተር ብስክሌታቸው አስቀድተው ሰጡኝ። ለሳምንት በእግራቸው ሄዱ ማለት ነው። ለሥራው ያላቸውን እምነት ሳይ ፍርሃቴ ጨመረ። ኮስቲክ ሶዳውን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ በዚያው ማኅተም ባለው ደብዳቤ ፈቀዱልኝ። ሲፈርሙ "ለመሆኑ ከአልጋው ማገር ነው ወይስ ከጠፍሩ የሚወጣው?" አሉኝ። "ከጠፍሩ ነው" አልኩ። ደክሞኝ ነበር።

ቀኑ እየቀረበ ነው። የቀረው አልጌ ገና ርጥብ ነው፤ ቢያንስ አራት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል፤ እኔ ያለኝ ሁለት ቀን ነው፤ በአንዱም ዘነበ። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ አዋቂ ሰው "አልደረሰም" ብሎ ጓድ ባዩ ዘንድ ይሄድ ነበር። እኔ ግን በሙቀጫ ወቅጬ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

ቤንዚኑ አረንጓዴ ሲሆን አጠለልኩና፣ እሳት ከሌለበት ግቢው መሐል በሰፊ ሳህን አስቀመጥኩት። ቤንዚኑ ሲተንን ዘይቱ ብቻ ይቀራል። ጓድ ባዩ ሥራውን ሊጎበኙ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ሳህኑን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ደግመው ሳህኑን አዩ።

"ቀነሰ" አሉ።

"አዎ፣ ቤንዚኑ እየተነነ ነው።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ሰማይ።"

"ማን ፈቀደለት?"

 ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን የሞተር ብስክሌታቸው ሁለት ሊትር ቤንዚን ወደ ኮልፌ ሰማይ ሲወጣ ሸኘነው። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የቀረውን በማንኪያ ሰበሰብኩት። ሦስት ማንኪያ ሞላ። ሦስተኛውን ትንሽ አዳልቼለት ነው።

"ናሙና ነው አይደል?" አሉ ጓድ ባዩ፣ በተስፋ።

"ናሙና ነው" አልኩ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ የቀረኝ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ዘይቱን ወደ ነዳጅ መለወጥ። ኮስቲክ ሶዳውን በእትዬ የሻረግ አረቄ አሟሟሁ፤ ዘይቱን ጨመርኩበት፤ በጠርሙስ ናጥኩት፤ አስቀመጥኩት። መጽሔቱ እንደሚለው ከሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይ የሚንሳፈፈው ነዳጅ ነው፤ ታች የሚዘቅጠው ወፍራሙ ተረፈ ምርት ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ግን አልተከፈለም። ተባብሮ እንደ ገንፎ ረጋ። በማግሥቱ ጠዋት ጠርሙሱን ብገለብጠው አይወርድም፤ ሰብሬ አወጣሁት። የክብሪት ቀፎ የሚያህል አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር።

አልማዝ ልጥል ነው ብላ አንስታው ነበር፤ እጇ እርጥብ ነውና አዳለጣት። እጇን አሸት አሸት አደረገች።

"አንተ፣ ይሄ ነገር አረፋ አለው።"

እኔ ያን ጊዜ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ገባኝ። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ባለበት ከተገናኙ ነዳጅ አይሆኑም። ይህን ራሴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስንት ተማሪ የጣልኩበት ነገር ነው።

"ሳሙና ነው" አልኳት።

አልማዝ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ በኋላ ግድግዳ ያዘች። ነጠላዋን ከወሰድኩባት ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ አልተቀየምኩም።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ጋሽ ቶሎሳ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ያጠቡትን ጀሪካን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል።  ሌላው ሁሉ ይቅር፤ የማፍረው እሳቸውን ነው። ጓድ ባዩ ስለ አልጋ ረጅም ንግግር አደረጉና ጋበዙኝ።

"ጓዶች" አልኩ። ድቡልቡሉን ከኪሴ አወጣሁ። "ናፍጣ አልሆነም። ሳሙና ነው የሆነው።"

 ጋሽ ቶሎሳ ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ያ ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። በዚያ ዘመን "አልተሳካም" የሚለው ቃል ከ"አሻጥር" ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ምላሴ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። "ምክንያቱ" አልኩ፣ "አረቄው ውሃ ነበረበት።"

"ምን አለ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እትዬ የሻረግ ተነሡ። አዳራሹ መንገድ ከፈተላቸው።

"የኔ አረቄ? ውሃ?"

"ትንሽ እትዬ፣ ማለቴ በሳይንስ ዓይን ሲታይ..."

"በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም! እርስዎ ያለ ዋጋ ወስደው በአደባባይ ይሰድቡኛል?"

"እርስዎ" አሉኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "አንተ ልጄ" ነበርኩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከልጅነት ወደ ባዕድነት ወጣሁ። አዳራሹ ተንጫጫ፤ ደንበኞቻቸው ሁሉ ለእሳቸው ምስክር ሆነው ተነሡ፤ ደንበኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ ብዙም አልነበረም።

ጓድ ባዩ ጠረጴዛውን መቱ። ፊታቸው ላብ ይዞታል፤ ሪፖርቱ ከፍተኛው ጋ ደርሷል። "አንድ ነገር እንወስን" አሉ። "ይህ ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር?"

ያን ጊዜ ጫጫታው ቆመ። አልማዝን ፈለግኋት፤ ከሴቶች ማኅበር አጠገብ ቆማ የተረፈላትን ነጠላ ጨብጣለች። የተናገሩት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ሳይነሡ፣ ወለሉን እያዩ።

"ጓድ ባዩ፣ አሻጥረኛ ስድስት ቀን ጉድጓድ ውስጥ አይቆምም። የሚስቱን ነጠላም አያበላሽም። ይሄ ሰው ወፍጮው እንዲነሣ ፈልጎ ነው። እኔ ስለማውቅ ነው፤ እኔም ፈልጌያለሁ።"

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ ጓድ ባዩም መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ወዲያው ከሴቶች ማኅበር አንዷ እጅ አወጣች። "ለመሆኑ ሳሙና ነው ያለው? ሳሙናማ ከናፍጣም ጠፍቷል! ስንት ይደርሰናል?" ድቡልቡሉን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ተቀመጠች።

ውሳኔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳሙናው ለእትዬ የሻረግ የስም ማጥፋት ካሳ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን እህል ከቀበሌው ጋሪ ጋር ሳንሱሲ አድርሼ እንዳስፈጭ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጓድ ባዩ "ከአልጋ ሳሙና" ብለው አስጻፉ። አላረምኳቸውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እትዬ የሻረግ አልመጡም። በሁለተኛው መጡ፤ ለአረቄ የሚሆን የብቅል ጆንያ ይዘው። ነጠላቸው ከአንገቱ እስከ ጥለቱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆኗል። በካሳው ሳሙና አጥበውት ነው። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

ጋሪው ሞልቶ ስለነበር "ያስቀምጡት እትዬ፣ እኔ እይዘዋለሁ" ብዬ ጆንያቸውን ትከሻዬ ላይ ጫንኩ። ጋሪው ቀደመ። እኛ ከኋላ ተከተልን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ፤ ብቅሉን ማለቴ አይደለም።

"እትዬ፣ ውሃው ከአረቄው አልነበረም። አልጌውን ሳላደርቀው ነው የሠራሁት። ቸኮልኩ። ፈርቼ ነው በእርስዎ ያላከክሁት። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ እናገራለሁ።"

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው አዩ፤ ወደ ጋሪው አዩ፤ ማንም እንደማይሰማ ሲያረጋግጡ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ተው፣ ምንም እንዳትናገር።"

"ለምን እትዬ?"

"ትንሽ አለችበት።"

"ምኗ?"

"ውሃ ነዋ! ለሌላው ሰው በጠርሙስ ሁለት ስኒ ነው የምጨምረው" አሉኝ፤ "ላንተ ግን ለሳይንስ ነው ስላልከኝ፣ አንድ ስኒ ብቻ ነው ያደረግሁበት ልጄ።"

ጆንያውን መሬት ላይ ጥዬ ላያቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን አረንጓዴ ነጠላቸውን አጣፍተው "በል ራመድ፣ ወረፋ ይያዝብናል" እያሉ ዳገቱን ጀምረውት ነበር።